የቾሞት አርባ አራት ቀን

ኖቬምበር 19፣ ማክሰኞ

ቾሞት ወለደች። ከንጋት ሶላት በፊት የጀመራት ምጥ እስከ ቀትር ቆየ። አምስት ናቸው፤ አራቱ በሕይወት፣ የመጨረሻው ሞቶ ወጣ። እሱን ስትልስ፣ ስትልስ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ። በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ከጓሮ ቀበርኩት።

እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሴት ሳዋልድና አራስ ሳርስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከወንዙ ወዲህ ያለው ሕዝብ ግማሹ በዚህ እጅ ላይ ነው የወደቀው። ድመት አያቅተኝም።

ምራቴ ኒዛ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ስታይ ነበር። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያዋ ነው።

"መክ፣ ከተማ ላለችው የእንስሳት ሐኪም ብንደውልስ?" አለችኝ። መክ ትለኛለች፤ እናቴ እንደማለት ነው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን አማት አማት ይሸተኛል።

"ለምን? እኔ ሞቻለሁ?" አልኳት።

ድመቷ ወዳለችበት ሳጥን ግን አንድ እርምጃ አልቀረበችም። ሐኪሙ ድመት የምትጸዳዳበትን አሸዋ እንዳትነኪ፣ ለጽንሱ አይበጅም ብሎኛል ትላለች። ሐኪም ያላላት ነገር የለም። ልጄ ሬዱዋን ይቺን ሴት ከሌላ ክፍለ አገር፣ ከኬዳህ፣ ይዞ ሲመጣ ድመት ትጠላ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

ኖቬምበር 20፣ ረቡዕ

አራስ አራስ ናት፤ እግሯ ሁለትም ይሁን አራት። እንደ አገራችን ወግ አርባ አራት ቀን ሥርዓቷን ትጠብቃለች። የወንዝ ድንጋይ በከሰል አሙቄ፣ በቅጠልና በጨርቅ ጠቅልዬ ከሆዷ ሥር አደረግኩላት። ወደደችው። ምግቧ ደረቅ ሩዝ፣ የተጠበሰ ደረቅ ዓሣና ቁንዶ በርበሬ። እርጥብ ዓሣ የለም። ውሃ ጧት ሁለት ማንኪያ፣ ማታ ሁለት ማንኪያ፣ ለብ ያለ። አራስ ውሃ ካበዛች ደሟ ይበርዳል፣ ነፋስ ይገባታል። ይህን እናቴ ነገረችኝ፤ ለእናቴም እናቷ።

ሆዷንም በጨርቅ አሰርኩት፤ ጡቶቿ የሚወጡበት ቀዳዳ ቀድጄ። ግማሽ ቀን ደከምኩበት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቦጫጭቃ ጣለችውና ላዩ ላይ ተኛችበት። የሰው አራስም መጀመሪያ ላይ ታስቸግራለች።

ኒዛ እያየች ሳቋን ዋጠች። አይቻታለሁ። ቆይታ፣ "መክ፣ እኔንም እንዲህ ነው የሚያስሩኝ?" አለች።

"አንቺንማ ከዚህ አጥብቄ ነው።"

እንደ ቀልድ ነው ያልኩት። አልሳቀችም።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ይባላል። የእሷ እናት ግን ዘንድሮ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ደካማ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ትወልዳለች፣ እኔ አርሳታለሁ ተብሎ ተወስኗል። የልጄን ልጅ የምቀበለው እኔ ነኝ። ሬዱዋን ባሕር ላይ ነው፤ ነዳጅ ከሚወጣበት መድረክ። በዚህ ማዕበል መቼ እንደሚመለስ አላህ ይወቀው። እስከዚያ እኔና እሷ ብቻ ነን። እኔ፣ እሷና አራሷ።

ኖቬምበር 22፣ ጁምዓ

ዝናብ። ቾሞት ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ልጆቿ ይወፍራሉ።

ሳጥኑ አጠገብ ወለሉ እርጥብ ነበር። ጣሪያው አያፈስም። ወንበር ላይ ወጥቼ በእጄ ዳሰስኩት። አያፈስም።

ኖቬምበር 25፣ ሰኞ

ሰሃኗን ጧት አድርቄ፣ ደፍቼ ነው የተውኩት። ከቁርዓን ትምህርት ስመለስ ተቃንቶ አገኘሁት፤ ውስጡ ጠብታ ውሃ አለ። የቾሞት ጢም እርጥብ ነው።

"ኒዛ፣ ማድ ቤት ማን ገባ?"

"እኔ ነኝ መክ፣ ሳህን ላጥብ።"

"የድመቷን ሰሃን ማን ገለበጠው?"

"እ... ነፋስ ይሆናል።"

እዚህ አገር ነፋስ ጣሪያ ሲገለብጥ አይቻለሁ። ሰሃን ገልብጦ ውሃ ሲቀዳ ግን አላየሁም። ለምን ትዋሸኛለች? ድመት የምትጠላ ሴት፣ አሸዋዋን የማትነካ፣ እኔ ስወጣ ጠብቃ ሳጥኑ ዘንድ ምን ትሠራለች? ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ኖቬምበር 27፣ ረቡዕ

ጎረቤቴ ፓክ ወሐብ፣ አባባ ወሐብ እንደማለት ነው፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ዶሮ የሚያረባ ሽማግሌ ነው፤ በጾሙ ወር ቾሞት አንድ ጫጩት በልታበት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"አራሷ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት። የአይጥ መርዝህን ከአጥሬ ሥር ብታነሳልኝ ደግሞ ይበልጥ ደህና ትሆናለች።"

"እህቴ፣ መርዝ ካስቀመጥኩ ዓመት አለፈኝ። አንቺው አይደለሽ መንደር ሰብስበሽ ያስጣልሽኝ?"

"ያስጣልኩህን ነው ወይስ የደበቅከውን?"

"ወይ ጣጣ! ጫጩቴ ተበላ፣ ተከሳሽም እኔ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይልቅ በጣም ከስታለች ይባላል። ውሃ ትሰጫታለሽ?" አለኝ።

ይባላል! ማን ነው የሚለው? ወሐብ ቤቴ ከገባ ወር ሆኖታል። ድመቷ ከሳጥን ወጥታ አታውቅም። ትናንት ኒዛ በአጥሩ በኩል ፓፓያ ስታቀብለው አይቻለሁ። ፓፓያ ብቻ ነው ያቀበለችው? ደግሞ ድመቴ ስንት ማንኪያ እንደምትጠጣ ሰው ሁሉ ምን አገባው?

ምናልባት ቁንዶ በርበሬው አንሷታል። ነገ እጨምራለሁ።

ኖቬምበር 30፣ ቅዳሜ

እኔ ለሰው ወሬ ጆሮ የምጥል ሰው አይደለሁም። ልብስ ላሰጣ ነው ከጓሮው መስኮት ሥር የቆምኩት። እውነት ነው እየዘነበ ነበር።

ኒዛ ከሬዱዋን ጋር በስልክ ስታወራ ነበር። "መክ ካወቁ አለቀልኝ። ትንሽ ትንሽ ነው የምሰጣት። ሩብ ብቻ። አይ፣ አትተፋውም፣ ከሰርዲን ጋር ትውጠዋለች።" ከዚያ ቆየችና፣ "ሌላ ምን ላድርግ? ዓይኔ እያየ?" አለች። ታለቅስ ነበር መሰለኝ። ማልቀስ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው።

ሩብ ምን? ልጄም ያውቃል ማለት ነው? ይህን ልጅ በሁለት እጄ ከራሴ ሆድ እንደወጣ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ምሳ ላይ ኒዛ ሾርባ ቀድታ ሰጠችኝ። አልበላሁም፤ ሆዴን አሞኛል አልኳት።

ዲሴምበር 1፣ እሑድ

የቾሞት ከንፈር ዳር ላይ ነጭ ነገር አገኘሁ። እንደ ዱቄት ነው። አሸተትኩት፤ ሽታ የለውም። ቀመስኩት። ኖራ ኖራ ይላል።

ኑዛዜዬን በልቤ አስተካክዬ እስከ ማታ ሞት ጠበቅኩ። አልሞትኩም። ለድመት የሚበቃ መጠን ለሰው አይበቃም ይሆናል።

ዲሴምበር 3፣ ማክሰኞ

ከጧት ጀምሮ መብራት የለም። ዝናቡ አላባራም፤ ወንዙ ቀልቷል። ሥራ ስለሌለኝ በሰፊው እጽፋለሁ።

ዛሬ ቾሞት ከሳጥኗ ወጥታ መስኮቱ ላይ ቆማ፣ በዝናብ የረጠበውን የመስኮት ብረት ስትልስ አገኘኋት። ከላይ እስከ ታች፣ ምላሷ እስኪቀላ። "ነውር ነው" ብዬ አነሳኋት። ክብደት የላትም። አጥንቷን በጣቶቼ መቁጠር እችላለሁ። ቾሞት የሚለውን ስም ያወጣላት፣ አፍንጫዋ ላይ ያለው ጥላሸት የሚመስል ምልክት እንኳ የደበዘዘ መሰለኝ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም። ሬዱዋንን ስወልድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያረሰችኝ አማቴ ናት። ጎበዝ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና፤ ሁሉን ከእሷ ነው የተማርኩት። ከእናቴም። ታስረኛለች፣ ታሞቀኛለች፣ ደረቅ ሩዝ ታበላኛለች። ውሃውን ግን በጣም ትቆጥበው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሲወጣ በእጅና በጉልበቴ እየዳህኩ ደረጃው ሥር ወረድኩ። እዚያ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት እግሩን የሚታጠብበት ጋን ነበር። አፌን ከትቼ ጠጣሁ። ትንኝ የጣለችው እጭ ይዋኝበት ነበር። አየሁት፤ ጠጣሁት።

በማግስቱ ወተቴ ሞላ። አማቴ፣ "አያችሁ? እጄ ይባረክ! ድንጋዩ ደሟን አሞቀው" አለች። እኔም እጇን ሳምኩ።

ምንም አልሆንኩም። ዕድለኛ ሆኜ ነው። ስንቷ ሴት እንዲህ አድርጋ በነፋስ ተመታ ቀርታ ይሆናል፤ እኔ ባላይም።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። መስኮቱን ዘጋሁት።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

ያዝኳት።

ቁንዶ በርበሬ ልወቅጥ ትንሹን ሙቀጫ ሳነሳ ሥሩ ነጭ ሆኗል። ያው ኖራ ኖራ የሚለው ነገር። ኒዛን ጠራኋት። ሙቀጫውን አፍንጫዋ ሥር አደረግኩት።

"ይሄ ምንድነው?"

ፊቷ እንደ ሩዝ ውሃ ነጣ። "የ... የእኔ ኪኒን ነው መክ። የክሊኒኩ። ለመዋጥ ስለሚከብደኝ እፈጨዋለሁ።"

"ትናንት በፊቴ ሙሉውን ዋጥሽ አይደል?"

መሬት መሬት አየች። ሌባ መልስ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ይኸው ነው።

አልጮህኩም። አልተሳደብኩም። ቾሞትን ከነልጆቿ፣ ከነሳጥኗ ወደ መኝታ ክፍሌ አስገባሁና ቆለፍኩ። ቁልፉን ሽርጤ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ እጅ ውጪ አንድ ፍሬ ሩዝ አትቀምስም። ቀድሞ ማድረግ ነበረብኝ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ሰው አምናለሁ።

ዲሴምበር 6፣ ጁምዓ

ቾሞት ከጧት ጀምሮ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከሳጥን ትወጣለች፣ ትገባለች። ታጠባቸውና መሃል ላይ ጥላቸው ትነሳለች። ድንጋዩን ሦስት ጊዜ አሞቅኩላት። ገፋችው።

መርዙ እየወጣ ነው። መጀመሪያ ግን በሩ ክፍት ሳለ ዝም ብላ ትተኛ ነበር፤ ከቆለፍኩ በኋላ ነው የባሰባት። እንዴት? እንጃ። መርዝ ሲወጣ ያማል።

ኒዛ በሩን አንኳኳች። "መክ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ልያት።"

"ሐኪምሽ አትንኪ አላለሽም?"

"አሸዋውን ነው እንጂ መክ፣ ድመቷን እኮ አይደለም።"

አልከፈትኩም። በሩ ላይ ረጅም ጊዜ ቆመች። እርምጃዋ ከብዷል። ሆዷ ወርዷል መሰለኝ።

ዲሴምበር 7፣ ቅዳሜ

የቾሞት ጆሮና ከንፈር ይንቀጠቀጣል። የኋላ እግሮቿ ደረቁ፤ እንደ እንጨት። ልይዛት ስል እጄን እስከ አጥንቱ ነከሰችኝ። እውነትም አራስ ነብር። በሕይወቷ ነክሳኝ አታውቅም።

የወንዙ ውሃ የቤታችን መውጫ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሷል። ድልድዩ ተዘግቷል አሉ።

ያሲንን፣ ለሚያጣጥር የሚቀራውን የቁርዓን ምዕራፍ፣ ቀራሁባት። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ይቅር በለኝ ብዬ ዱዓ አደረግኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ነው ዱዓ የሚደረገው።

ዲሴምበር 8፣ እሑድ

ጧት በሩ ተደበደበ። አንኳኳ አይባልም።

"መክ ይክፈቱ! ይክፈቱ ብያለሁ! ካልከፈቱ እሰብረዋለሁ!"

ስከፍት ኒዛ የኮኮናት መፈልፈያውን መጥረቢያ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ያ ሆዷ ከፊቷ። ወረወረችውና ገብታ ከሳጥኑ አጠገብ በጉልበቷ ወደቀች። ቾሞት በጎኗ ተኝታ አራቱም እግሯ ተገትሮ ትንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኗ ክፍት ነው፤ የሚያይ ግን አይመስልም። ልጆቹ ጡት ፍለጋ ይርመሰመሱባታል።

"እኔ ነኝ" አለች ኒዛ እያለቀሰች። "ውሃ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሰርዲን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ኪኒኑም የእኔ ነው፤ ለእርጉዝ የሚሰጠው የአጥንት ኪኒን። የእንስሳት ሐኪሟን በስልክ ጠየቅኳት። ድመቷ አጥንቷን አሟሙታ ነው ወተት የምታደርገው፣ ቶሎ አምጪልኝ፣ እስከዚያ ሩብ ሩብ እየፈጨሽ ስጫት አለችኝ። እርስዎ ግን አያስወጧት!"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩዎት እኮ! የወለደች ቀን አልነገርኩዎትም? ምን አሉኝ?"

ያልኩትን አስታወስኩ።

"እፈራዎታለሁ፣ መክ" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እንደው የሆነውን እንደምትናገር ነው ያለችው።

ምን አድርጌያት ነው የምትፈራኝ? እጄን አንስቼባት አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል... ይህን አሁን አልጽፍም።

ፓክ ወሐብ ዶሮዎቹን ሊያሸሽ ጀልባውን ደረጃችን ሥር አምጥቶት ነበር። ኒዛ ከላይ ጮኸችበት። ቀና ብሎ አየንና አንድ ቃል ሳይጠይቅ ሁለት ቅርጫት ዶሮ አንስቶ በረንዳዬ ላይ ወረወረ።

"ነይ ግቢ፣ እህቴ። ጫጩት በላዋን ያዣት።"

"ዶሮዎችህስ?"

"ዶሮ ዶሮ ነው። ግቢ!"

ኒዛ ጀልባው ላይ ልትወጣ ስትል ሁለታችንም እኩል "አንቺ አይሆንም!" አልናት። ልጆቹን ይዛ ቀረች። እኔ ቾሞትን በፎጣ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ያዝኳት። እሳት ናት። እኔ ላሞቃት ነበር ሳምንታት ሙሉ የደከምኩት፤ አሁን ከእሷ ሙቀት የተነሳ ልብሴ ላብ ሆነ። ወሐብ የሰመጠውን መንገድ ተከትሎ ቀዘፈ። መንገዱን በሙሉ አልቀለደም።

የከተማዋ የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ሊንግ ልጅ እግር ናት፤ የአገራችንን ዘዬ ከእኔ አሳምራ ታወራዋለች። ያንኑ የአጥንት መድኃኒት በመርፌ፣ በደም ሥሯ፣ በጣም በዝግታ ነው የሰጠቻት፤ በአንድ እጇ መርፌ፣ በሌላው የልብ ማዳመጫ። "ከፈጠንኩ ልቧ ይቆማል" አለች። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ አንዱ የፊት እግር ላላ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ቾሞት ዓይኗን ጨፈነች። ሞተች ብዬ ጮህኩ።

"ተኛች እንጂ መክ" አለችኝ ዶክተሯ። "ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ ተኛች።"

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ምን ትበላለች? ነገርኳት። ውሃስ?

"ሁለት ማንኪያ።"

"በየስንት ሰዓቱ?"

"ጧትና ማታ።"

ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች። ለማውለቅ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። "አራት ታጠባለች እኮ" አለች በመጨረሻ። "ከወትሮዋ ሁለት ሦስት እጥፍ መብላት አለባት። ውሃማ ከሰሃኗ መጉደል የለበትም። ኪኒን ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ ግን ያቺ ልጅ የምትሰጣት ነገር ነው እስከዛሬ ያቆያት። መቼ ነው የተቋረጠው?"

"ከሦስት ቀን በፊት።"

"ለምን?"

"ጎርፉ ነው" አልኩ።

ወሐብ አየኝ። ሁሉንም ያውቃል፤ ኒዛ በአጥሩ በኩል ነግራዋለች። ያ ሰው አፉን ሲዘጋ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ምነው በተሳደበ።

ዲሴምበር 9፣ ሰኞ

ቾሞት አንድ ሌሊት እዚያው አድራ ዛሬ በጀልባ መለስናት። ዶክተሯ እንዳዘዘችው ልጆቹ እስከ ነገ ጡት አይነኩም። ኒዛ ክፍሏ ውስጥ በጠብታ ማጥቢያ ወተት ስትሰጣቸው ነው የዋለችው። በሩ ክፍት ነበር። አራቱን ደረቷ ላይ ደርድራ፣ ሆዷ ላይ አስደግፋ። ሆዷ ውስጥ ያለው ሲራገጥ አንዱ ድመት ብድግ ብድግ ይላል። ብቻዋን ስትስቅ ሰማኋት። እኔ ስደርስ አቆመች።

ዲሴምበር 11፣ ረቡዕ

የልጆቹን ሳጥን ወደ ክፍሌ መለስኩት። ድመቷ የእኔ ናት። ሰሃኗን ውሃ ሞልቼዋለሁ። ድንጋዩን ወደ ወንዙ ወረወርኩት፤ ከባድ ስለሆነና ቦታ ስለያዘብኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኒዛ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ፣ "መንገዱ እንደተከፈተ ሬዱዋን ያመጣኛል። እዚህ አልወልድም እማ። አልችልም። አይ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን አልችልም" አለች።

ዛሬስ ልብስ ላሰጣ አልነበረም። ልሰማ ቆሜ ነው የሰማሁት።

ለእኔ አልነገረችኝም። ሻንጣዋ ግን ከአልጋው ሥር ወጥቷል።

ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

ውሃው ጎደለ። ሬዱዋን ነገ ማታ ይደርሳል። ደውሎ "መክ፣ ስመጣ እንነጋገራለን" አለኝ። ምን እንደምንነጋገር አውቃለሁ። አሳምናዋለች። ወይም ማሳመን አላስፈለጋትም።

ለቾሞት ሰርዲን ከፈትኩላት፤ ሙሉ ቆርቆሮ። ቀርባ አሸተተች፣ አየችኝ፣ ወደ ኋላ አለች። ከክፍሉ ወጥቼ በስንጥቁ አየኋት። ያኔ በላች። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም እንዲሁ። እኔ ስገባ ምግቡን ትታ ልጆቿ ላይ ትተኛለች፣ ዓይኗ እጄ ላይ።

ትጠረጥረኛለች። ስድስት ዓመት እግሬ ሥር የተኛች ድመት እጄን ትጠብቃለች። ወሐብን ጠርጥሬ፣ ልጄን ጠርጥሬ፣ የሰው ልጅ የሰጠችኝን ሾርባ ጠርጥሬ፣ ድመት እንዲህ ስታየኝ ነው የመጠርጠርን ክፋት ያወቅኩት።

ዲሴምበር 15፣ እሑድ

ጧት በሬን ከፍቼ ደፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቾሞት ተነሳች። ጥቁሩን ልጇን በማጅራቱ ነክሳ አንስታ በእግሬ መሃል አልፋ ወጣች። ኮሪደሩን አቋርጣ ኒዛ ክፍል በር ላይ ቆመች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በራሷ ገፋችውና ገባች። ባዶ አፏን ተመለሰች። ሁለተኛውን ወሰደች። ላስቆማት እችል ነበር። እግሬን መግጠም ብቻ ነበር። ለሦስተኛው ስትመጣ እግሬን ሰበሰብኩላት።

ድመት ልጆቿን የምታሸሸው ከምን እንደሆነ አውቃለሁ። አርባ ዓመት ድመት ያሳደግኩ ሰው ነኝ።

አራተኛዋ ቀረች። ትንሿ፣ ቢጫዋ። ጠበቅኩ። ቾሞት አልተመለሰችም፤ ደክሟት ይሆናል፤ በሩም ከኋላዋ ተዘግቷል። ትንሿ ባዶው ሳጥን ውስጥ ዓይኗን ገልጣ ትጮህ ጀመር። አነሳኋት። መዳፌ ላይ ትሞላለች። በኮሪደሩ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

ይህን ቤት ባሌ ከሠራው ጀምሮ የየትኛውንም ክፍል በር አንኳኩቼ አላውቅም። የእኔ ቤት ነው፤ እገፋለሁ፣ እገባለሁ። እጄን አነሳሁ። መልሼ አወረድኩ። ደግሞ አነሳሁና አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች ኒዛ ከውስጥ። ተጠንቅቃ ነው የጠየቀችው።

ሌላ ማን አለ፣ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ። ልግባ?" አልኩ።